የኦዞን ሌላኛው ሂሳብ

ኢኮኖሚክስ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ዋጋ የማያስከፍል ጥቅም እንደሌለ ነው። ኦዞንም እንደዚያው ነው። ክሎሪን የሚያቅተውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ተህዋስ ይገድላል፤ ውሃው ውስጥ ብሮማይድ ካለ ግን ካንሰር ያመጣል ተብሎ ወደሚጠረጠረው ብሮሜት ይቀይረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኮካ ኮላ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የዳሳኒ ጠርሙስ ከብሪታንያ ገበያ የሰበሰበው በዚሁ ጣጣ ነበር፤ ብሮማይዱ የመጣው ውሃው ላይ ከተጨመረው ካልሲየም ክሎራይድ ነው።

ታዲያ ኦዞን ይቅር? አይቅር። መጠኑን መመጠን፣ የውሃውን አሲድነት ትንሽ ከፍ ማድረግ ወይም ጥቂት አሞኒያ መጨመር ብሮሜቱን ይቀንሳል። ኦዞኑ ከልክ በታች ከወረደ ደግሞ ተህዋሱ ይተርፋል። አንዴ የተፈጠረን ብሮሜት ማፍላት አያጠፋውም፤ ስለዚህ ብሮማይዱን አስቀድሞ መለካት ይረክሳል። «በኦዞን የታከመ» የሚል ጽሑፍ ስናይ «ብሮሜቱስ ተለክቷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።