ደቦው ከመድረሱ በፊት ዝርዝሩ ይዘጋጅ

ጎርፍ በገባበት ቤት ውሃው ከሸሸ በኋላ የሚቀረው ጭቃና ሻጋታ ነው። ጭቃውን ጠርጎ፣ የበሰበሰውን ግድግዳ አፍርሶ፣ ቤቱን እንደገና ማቆም የአንድ ቤተሰብ ጉልበት ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም፤ የብዙ ሰው እጅ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ የሰው እጅ ስለበዛ ብቻ ቤት አይቆምም። ለዚህም ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የላኳቸው በጎ ፈቃደኞች ያከናወኑት ሥራ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

እንደሚታወሰው ካትሪና የአሜሪካን ደቡባዊ የባሕር ጠረፍ የመታው ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005) ነበር። በኒው ኦርሊንስ ከተማ ውሃ እንዲገቱ የተሠሩት ግድቦችና ግንቦች ስለተደረመሱ ከከተማይቱ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ በጎርፍ ተዋጠ። ውሃው በብዙ ሠፈሮች ለሳምንታት ተኝቶ ቆየ። አደጋው በጠቅላላው ከ1,300 በላይ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት 2 ዓመታት ከ1 ሚሊዮን በላይ በጎ ፈቃደኞች ለሥራ ወደዚያ ተጉዘዋል። ከነዚህም ብዙዎቹን የላኩት የባፕቲስት፣ የሜቶዲስት፣ የሉተራን፣ የካቶሊክና ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ከመካከላቸው አሠራሩ ለገበሬ ይበልጥ የሚቀርበው የሜኖናይቶች የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ነው።

ሜኖናይቶች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 ለእርዳታ ሥራ መጥተው ናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ሆስፒታል አቋቁመው ነበር። የአደጋ ጊዜ አገልግሎታቸው ደግሞ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 በካንሳስ ግዛት፣ ሄስተን በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ነው። ብዙዎቹ በእርሻ የኖሩ ሰዎች እንደመሆናቸው የጎረቤት የከብትና የእህል ቤት ሲቃጠል ተሰብስቦ መልሶ ማቆም የቆየ ልማዳቸው ነው። እኛ ደቦ ወይም ጅጊ የምንለው መሆኑ ነው። ገበሬ የሆኑት በጎ ፈቃደኞችም በብዛት የሚመጡት አዝመራቸው ገብቶ እርሻ በሚያርፍበት በብርዱ ወራት ነው።

በዚህ አሠራር ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል።

አንደኛው፣ የማን ቤት ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት ከሩቅ የመጡት ሠራተኞች አይደሉም። አደጋው በደረሰበት አካባቢ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው የጉዳቱን መጠን፣ የቤተሰቡን ገቢ፣ ኢንሹራንስ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን አጣርቶ ይመዘግባል። ቅድሚያ የሚያገኙት በራሳቸው አቅም መሥራት የማይችሉት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች ናቸው። የተረጂው ሃይማኖት አይጠየቅም።

ሁለተኛው፣ አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ የሚቆየው ለ1 ሳምንት ያህል ነው። ከመካከላቸው አናጢ አለ፤ መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪም አለ። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ኃላፊዎችና የቡድን መሪዎች በቦታው ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣሉ። አንዱ ቡድን ሲሄድ ተከታዩ ካቆመበት የሚቀጥለው በእነዚህ ሰዎች አማካይነት ነው። ልምድ የሌለው ጭቃ ያወጣል፣ የበሰበሰ ግድግዳ ይነቅላል፣ ቀለም ይቀባል። የኤሌክትሪክ መሥመር ግን ለባለሙያ ይተዋል። የሥራው ቅደም ተከተልም ይጠበቃል። የቤቱ ቋሚና ማገር ከሻጋታ ጸድቶ በሚገባ ሳይደርቅ ግድግዳው አይለበጥም፤ ቸኩሎ የለበጠ ሰው ሻጋታው ተመልሶ ይወጣበታልና።

ሦስተኛው፣ ሠራተኞቹ ለተጎጂው ሸክም አይሆኑም። የጉዟቸውን ወጪ ራሳቸው ይችላሉ፤ ምግብ የሚያበስሉላቸውም ከመካከላቸው የተመደቡ ሰዎች ናቸው። በዚህ በኩል የእኛ ደቦ ሊሻሻል ይገባዋል። በደኅና ጊዜ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ደቦኛ ማስተናገድ የባለቤቱ ወግ ነው። ቤቱ በጎርፍ የተወሰደበት ሰው ግን ጋን የለው፣ ዱቄት የለው፣ በምን ያስተናግዳል? ስንቁን የሚያዘጋጅ ሌላ ወገን አስቀድሞ ካልተመደበ፣ ድኃው ደቦ ለመጥራት ያፍራል፤ ቤቱም ሳይሠራ ይቀራል።

በእርግጥ የበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሁሉን ነገር አይፈታም። የኒው ኦርሊንስ ነዋሪ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ቆጠራ ከ484 ሺህ በላይ ሲሆን፣ በ2010 ቆጠራ ወደ 344 ሺህ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ብዙ ቤተሰብ ተበትኖ ቀርቷል። ከዚህም ሌላ የአደጋው ወሬ ሲቀዘቅዝ የረጂው ቁጥር ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሥራውን ከዳር የሚያደርሰው በአካባቢው የቆመው ኮሚቴ ነው።

በአገራችን የሕዝቡ የመረዳዳት ልማድ ከማንም አያንስም። ሆኖም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የደረሰውን መርሳት አይቻልም። በመጀመሪያው የመሬት ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ደረሰበት። በአደጋው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ለመርዳት የወጡ ነበሩ። ለወገናቸው የሮጡትን ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ነገር ግን ከሥራው ቦታ በላይ ያለውን ተራራ የሚመለከትና “ተመለሱ” ብሎ የሚጮህ ሰው አስቀድሞ መመደብ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር የለም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ክረምት ከመግባቱ በፊት ሊያከናውኑት የሚችሉት ሥራ አለ። በወንዝ ዳርና በገደል ሥር ያሉትን ቤቶች መቁጠር፤ ጉልበት የሌላቸውን አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ለይቶ መመዝገብ፤ አናጢዎችን፣ አካፋና ዶማ ያላቸውን ማወቅ፤ ስንቅ የሚያዘጋጁትንና ተራራ የሚጠብቁትን መመደብ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና ጥቂት ቀናት ይበቁታል።

ዝርዝሩም በስብሰባ ላይ በሕዝብ ፊት ይነበብ። የሊቀ መንበሩ ወንድም ቤት ከመበለቲቱ ቤት በፊት ተጽፎ ከተገኘ፣ በዚያን ጊዜ ማረም ቀላል ነው። ጎርፉ ከወረደና ደቦው በር ላይ ከቆመ በኋላ ግን ለክርክር ጊዜ አይኖርም፤ ጠባቂ የሌላት መበለትም ዝናብ ላይ ታድራለች።