አሮጌው ሞተር፣ አዲሱ ሞተርና ቁልቁለቱ፦ የቤንዚን የጭነት መኪና ሞተሮች በመጎተት አቅምና በአስተማማኝነት ሲነጻጸሩ

(ከሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር አቅራቢያ የሚኖር የእህቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አሮጌውን ልግዛ ወይስ አዲሱን?» ሲል ጠየቀኝ። ሥራው በፒክአፕ መኪና ተሳቢ እየጎተተ የሰው መኪና ማድረስ ነው። አሮጌው ርካሽ ነው፤ አዲሱ ደግሞ የብዙ ዓመት ዕዳ ያስከትላል። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «አሮጌውን ግዛ፤ እንዲህ ያለ ሞተር አይሞትም» አልሁት። ምክሬ ከፊሉ እውነት ነበር፤ ስሕተት የነበረው ከፊሉ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ምንም አልቀረውም። ያን ስሕተት ዛሬ በፊታችሁ ልመርምረው እወዳለሁ።

በቅድሚያ የርእሱን ወሰን ላስቀምጥ። በአገራችን ከባድ ጭነት የናፍጣ ሥራ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ትልልቅ የቤንዚን ሞተሮች ለመጎተት ሥራ ተብለው እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ስለዚህ ምሳሌዎቼ ከዚያው የተወሰዱ ናቸው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ትውልዶችን እንውሰድ። የመጀመሪያው ወካይ የፎርድ 7.5 ሊትር ቪ8 ሲሆን፣ በአሜሪካ መለኪያ «460» በመባል ይታወቃል። በ1968 ተጀምሮ እስከ 1997 ተሠርቷል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ 245 ያህል የፈረስ ጉልበትና ወደ 540 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው የዚያው ኩባንያ 7.3 ሊትር ቪ8 ነው። በ2020 ሞዴል የወጣ ሲሆን 430 የፈረስ ጉልበትና 644 ኒውተን ሜትር አለው። ሦስተኛው በ2011 በፒክአፕ ላይ የተገጠመው፣ ሁለት ቱርቦ ያለው 3.5 ሊትር ቪ6 ነው፤ 365 የፈረስ ጉልበትና 570 ኒውተን ሜትር ያመነጫል።

እነዚህን ቁጥሮች በደፈናው ማነጻጸር ብዙ አያስተምርም። መሐንዲስ የሚጠይቀው፣ «ሞተሩ ይህን ኃይል ለመስጠት ምን ያህል ይጨነቃል?» ብሎ ነው። ለዚህ መለኪያ አለን፤ አማካይ ውጤታማ ግፊት ይባላል። የመጠምዘዝ ኃይሉን ለሲሊንደሮቹ ይዘት አካፍለን፣ ባለአራት ምት ለሆነ ሞተር በአራት ፓይ ስናባዛው ይገኛል። ስሌቱን ብንሠራ አሮጌው 7.5 ሊትር ወደ 9 ባር፣ አዲሱ 7.3 ሊትር ወደ 11 ባር፣ ባለቱርቦው 3.5 ሊትር ደግሞ ከ20 ባር በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ማለት ባለቱርቦው ሞተር ያንኑ የሚመስል ጉልበት የሚሰጠው እያንዳንዱን ፒስተን ከአሮጌው በእጥፍ በሚበልጥ ግፊት እየገፋ ነው። ፒስተኑ፣ ኩሽኔታው፣ ቴስታታውና ዘይቱ ሁሉ ይህን ግፊትና ከእርሱ ጋር የሚመጣውን ሙቀት መሸከም አለባቸው።

«አሮጌ ሞተር አይሞትም» የሚለው አባባል አንዱ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ሞተር ረጅም ዕድሜ የኖረው የዚያን ዘመን ሰዎች ከእኛ የበለጠ ጠቢባን ስለነበሩ አይደለም፤ ከብረቱ ብዛት አንጻር ጥቂት ስለተጠየቀ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ዛሬ በመንገድ ላይ የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው። ቴስታታቸው ተሰንጥቆ፣ ካምሻፍታቸው ተበልቶ ወደ ብረት ማቅለጫ የሄዱት ምስክርነት ሊሰጡ አይመጡም።

አሁን ወደ መጎተት እንምጣ። መኪናው፣ ተሳቢውና ጭነቱ በድምሩ 7,500 ኪሎግራም ይመዝናሉ እንበል። ስድስት በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ለመውጣት፣ ለዳገቱ ብቻ ወደ 4,400 ኒውተን ያስፈልጋል። የጎማውንና የነፋሱን ተቃውሞ በግምት ስንጨምርበት ወደ 6,100 ይደርሳል። ይህም በጎማው ላይ 135 ኪሎዋት ያህል ነው፤ በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነውን 15 በመቶ ብንይዝ፣ ሞተሩ ወደ 160 ኪሎዋት፣ ማለትም 215 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ይኖርበታል።

አሮጌው ሞተር 245 ስላለው ይበቃዋል ትሉ ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ አዎን። ነገር ግን በ2,400 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም እኛ አሁን በተቀመጥንበት በአዲስ አበባ ከፍታ፣ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ 79 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። 245 የነበረው ወደ 193 ይወርዳል፤ 80 ኪሎሜትሩን ሊይዝ አይችልም። 430 የነበረው ወደ 340 ቢወርድም ገና ትርፍ አለው። ባለቱርቦው ደግሞ ቀጭኑን አየር አፍኖ ስለሚያስገባ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል ይዞ ይወጣል፤ እርግጥ ነው በከባድ ጭነት ጊዜ ሙቀቱን ለማብረድ ተጨማሪ ቤንዚን ስለሚረጭ፣ በባዶው የሚመሰገንበት ቁጠባ ዳገት ላይ ይጠፋል። እንግዲህ በአቀበት ላይ አዲሶቹ ያለ ጥርጥር ይበልጣሉ።

ስለ አስተማማኝነት ስንናገር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እናደባልቃለን። አንደኛው ሳይበላሽ የመሥራት ዕድል ነው። ሁለተኛው ጠቅላላ ዕድሜ ነው። ሦስተኛው ለጥገና መመቸት ነው። አሮጌው ሞተር የሚወደደው በአብዛኛው በሦስተኛው ነው። ካርቡሬተሩ ቢደፈን፣ የማቀጣጠያው ነጥብ ቢያረጅ፣ መካኒኩ በመንገድ ዳር በመፍቻ ይፈታዋል። ነገር ግን በመንገድ ዳር መጠገኑ በመንገድ ዳር መቆሙን አያስቀረውም። በቀላሉ የሚጠገን ነገር ሁሉ አልፎ አልፎ የሚበላሽ አይደለም።

አዲስ መሆን ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡት የፎርድ ትራይተን ሞተሮች በጊዜያቸው ዘመናዊ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በአሉሚኒየም ቴስታታቸው ላይ ካንዴላውን የሚይዘው ጥርስ ጥቂት ስለነበረ፣ ካንዴላው እየተፈነቀለ መውጣቱ የታወቀ ችግር ሆነ። ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ ሞተሮች ላይ ደግሞ ነዳጁ የመግቢያ ቫልቩን ስለማያጥበው ጥቀርሻ ይጠራቀማል፤ የ3.5 ሊትሩ ሁለተኛ ትውልድ በ2017 ሲወጣ ተጨማሪ መርጫ በመግቢያው ላይ የተደረገለት ይህንንም ያቃልላል። በ2025 ጄኔራል ሞተርስ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ፣ 6.2 ሊትር ቪ8 የተገጠመላቸውን መኪኖች በአሜሪካ ለእርማት ጠርቷል፤ ምክንያቱ የክራንክሻፍትና የኮኔክቲንግ ሮድ የአሠራር ጉድለት ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ሞተር ቱርቦ የለውም። ስለዚህ ብልሽት የቱርቦ ዕጣ ብቻ አይደለም፤ የፋብሪካ ጥንቃቄም የንድፍን ያህል ይመዝናል።

ከዚህ አንጻር የ7.3 ሊትሩ ንድፍ የሚያስተምረን ነገር አለ። መሐንዲሶቹ ከአሮጌው የብረት ብሎኩን፣ በብሎኩ ውስጥ ያለውን አንድ ካምሻፍትና በመግቢያው የሚረጨውን ነዳጅ አስቀሩ። ከአዲሱ ዘመን ደግሞ የተቀጠቀጠ የብረት ክራንክሻፍት፣ ፒስተኑን ከሥር የሚያቀዘቅዝ የዘይት ፍንጣቂ፣ የሚለዋወጥ የቫልቭ ጊዜና የኮምፒውተር ቁጥጥር ወሰዱ። ጉልበቱን ያገኙት ግፊቱን በብዙ በማሳደግ ሳይሆን፣ ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስና በፍጥነት እንዲዞር በማድረግ ነው። የጥንቱን ትዕግሥት ከዘመኑ እውቀት ጋር ማዋሐድ ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። አሮጌውን መኪና ገዛ፤ የማን ሥሪት እንደሆነ ለጉዳያችን አይጠቅምም። ሞተሩ እንዳልሁት አልሞተም። አንድ ቀን ሁለት መኪና ጭኖ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ አልፎ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወርድ ግን ፍሬኑ ጨሰ፤ ቀጥሎም ፔዳሉ ለሰለሰ። በእግዚአብሔር ቸርነት መንገዱ ቀለል ካለበት ስፍራ ደርሶ በማርሽና በእጅ ፍሬን አቆመው። ማታ ሲደውልልኝ ድምፁ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዓባይ በረሃን በጭነት መኪና የወረደ ሰው ይህን ለመረዳት ስሌት አያስፈልገውም፤ እኛ ግን እናስላው። 7,500 ኪሎግራም 300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 22 ሜጋጁል ነው። 66 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ነፋስና ጎማ ቢወስዱት፣ ቀሪውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ ይቃጠልበታል። ሞተር የሚይዘው በይዘቱ ትልቅነትና በዙሩ ፍጥነት ልክ ነው። የልጁ መኪና ሞተሩ ትልቅ ቢሆንም ካምቢዮው ባለሦስት ማርሽ ነበር፤ አንዱ ማርሽ ሞተሩን ከልክ በላይ ያስጮኸዋል፣ ቀጣዩ ደግሞ መኪናውን ይለቀዋል። ከ7.3 ሊትሩ ጋር የመጣው ባለአሥር ማርሽ ካምቢዮ ለቁልቁለቱ የሚስማማውን ዙር መርጦ ይይዛል። በአቀበት የተመሰገነው 3.5 ሊትር ደግሞ ቁልቁለት ላይ ይዘቱ ትንሽ ስለሆነ የመያዝ አቅሙም ያንሳል፤ ቱርቦ እዚህ ላይ አይረዳውም።

የእኔ ስሕተት እንግዲህ ይህ ነበር። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሥራው ነበር፤ እኔ የመለስሁለት ስለ ሞተሩ ነበር። ተሳቢን የሚጎትተው ሞተር ብቻ አይደለም፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ራዲያተርና ፍሬን በአንድነት ናቸው። የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለው የመጎተት መመዘኛም ያረፈው በዚህ ላይ ነው፤ መኪናው በአሪዞና የዴቪስ ግድብ ዳገት፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ ከተወሰነ ፍጥነት ሳይወርድ መውጣት አለበት፤ የመነሣትና የማቆም ፈተናም አለው።

ዛሬ ቢጠይቀኝ አራት ጥያቄ እመልስለታለሁ፦ ስንት ኪሎ ትጎትታለህ? በምን ከፍታ? ምን ዓይነት ቁልቁለት ትወርዳለህ? ብትቆምስ ማን ይጠግንልሃል? ለሜዳ፣ ለቀላል ጭነትና ራሱ ለሚጠግን ሰው አሮጌው ዛሬም ጨዋ አገልጋይ ነው። ለተራራ ግን አይደለም። እርሱም ይህን በራሱ ደረሰበት፤ ፍሬኑን አሳድሶ፣ የተሳቢውን ፍሬን አስተካክሎ፣ አሁን በሜዳው መንገድ አንድ መኪና ብቻ ይጭናል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ ሰዎች «የቱ ይሻላል?» ብለው ይጠይቋችኋል። መልሳችሁን አምነው ቤተሰባቸውን አሳፍረው ቁልቁለት ይወርዳሉ። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ።