የስም ዱካ

ከጅረት ድንጋይ ሥር የወጣ ሸርጣን፣ ወይም ከኩሬ በተቀዳ ውሃ ውስጥ የምትዘልል ነጥብ የምታህል ፍጥረት ምን እንደሆነች ማወቅ የፈለገ ሰው ዛሬ የሚጠይቀው አያጣም። ቤልጅየም ኦስተንድ ከተማ በሚገኘው የፍላንደርስ የባሕር ተቋም የሚስተናገደው የዓለም የባሕር ዝርያዎች መዝገብ፣ በአጭር ስሙ ዎርምስ፣ ከ240 ሺህ በላይ ተቀባይነት ያላቸውን ዝርያዎች ይዟል፤ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ሎብስተር የሚመደቡባቸው ክረስታሽያኖች እዚያ በየቤተሰባቸው ይገኛሉ። ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ያለው ጂቢፍ የትኛው ዝርያ የትና መቼ እንደታየ ያሳያል። ካናዳ ውስጥ በጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ቦልድ የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎችን ያከማቻል። አይናቹራሊስት ደግሞ ማንም በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አይቶ ስም ይጠቁማል። ስም ማግኘት በዚህ መጠን ቀሎ አያውቅም። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ግን ስሙ ብቻውን ገና መልስ አልሆነም የሚል ነው። አንድ የመረጃ ቋት የሰጠን ስም የሚታመነው ወደ ኋላ የምንከተለው ዱካ ሲኖረው ነው፤ እንስሳውን ማን ለየው፣ በየትኛው ምልክት፣ ናሙናውስ ዛሬ የት ተቀምጧል?

ይህ ዱካ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከአንዲት የባሕር እጭ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ጆን ኤድዋርድ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1828 ቀንድ ያላትና ጥሩር የለበሰች የምትመስል ትንሽ ክረስታሽያን ሴራታስፒስ ሞንስትሮሳ ብሎ ሰየመ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ፍጥረቷ በአብዛኛው የምትገኘው እንደ ቱና ባሉ ትላልቅ ዓሦች ሆድ ውስጥ ነበር። እጭ መሆኗ ቢጠረጠርም አድጋ ምን እንደምትሆን ሳይታወቅ ከ180 ዓመት በላይ አለፈ። መልሱ የመጣው በ2012 ነው። ተመራማሪዎች ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተያዘችን እጭ ዲኤንኤ ካደጉ ሽሪምፖች ዲኤንኤ ጋር ሲያስተያዩ፣ ፕሌዚዮፔኒየስ አርማተስ ከተባለ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ከሚኖር ሽሪምፕ ጋር አንድ ሆና ተገኘች። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ድሉን ለዲኤንኤ ይሰጣል። ነገር ግን የእጯ ዲኤንኤ ለብቻው የፊደላት ሰልፍ እንጂ ስም አልነበረውም። ስም የሰጠው አስቀድሞ ሽሪምፑን ከጥልቁ ያወጣ፣ በአካሉ ምልክቶች የለየና ናሙናውን ያስቀመጠ ባለሙያ ነው። ማስተያያው ባይኖር ኖሮ እንቆቅልሹ ዛሬም እንቆቅልሽ ነበር።

ተመራማሪው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ በ2003 ያቀረቡት የዲኤንኤ መለያ ዘዴም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ዘዴው ከአንድ ዘረመል 650 ያህል ፊደላትን አንብቦ በቋቱ ውስጥ ካሉት ጋር ያስተያያል። የሚመልሰውም ካሉት ሁሉ የቀረበውን ነው። የሚፈለገው ዝርያ በቋቱ ከሌለ ጎረቤቱን ያቀርባል፤ አንባቢው የመመሳሰሉን መቶኛ ካላየ ጎረቤቱን ባለቤቱ አድርጎ ይወስደዋል። በወረቀት የታተመ የመለያ ቁልፍም ከዚህ አያመልጥም። ክንፉ ነጠብጣብ አለው ወይስ የለውም፣ እግሩ ቀለበታማ ነው ወይስ አይደለም እያለ በምርጫ እየመራ የሚያደርሰው ከራሱ ዝርዝር ውስጥ ወዳለ ስም ብቻ ነው።

የዚህ ጉዳት ከሽሪምፕ ይልቅ በትንኝ ጎልቶ የታየው እኛው አገር ነው። በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ከተማ የተሰበሰቡ የወባ ትንኞች በ2018 በወጣ ጥናት አኖፊለስ ስቴፈንሲ መሆናቸው ተገለጸ። ይህ ዝርያ የእስያ ነው። ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ በ1987 የተዘጋጀውና ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለው የመለያ ቁልፍ ስላላካተተው፣ ቁልፉን በጥንቃቄ የተከተለ ባለሙያም እንኳ ትንኙን በሌላ የአፍሪካ ዝርያ ስም ሊመዘግበው ይችል ነበር። የቀብሪደሃሩን ትንኝ የለዩት ተመራማሪዎች በመልኩ ብቻ አልረኩም፤ ዲኤንኤውን ጂንባንክ ከተባለው ዓለም አቀፍ ቋት ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ የስም ብቻ አልነበረም። ስቴፈንሲ በከተማ በሮቶና በበርሜል ውሃ ይራባል፣ በበጋም ይዘልቃል፤ ስለዚህ የዝናብ ወቅትንና ረግረግን ብቻ የሚጠብቅ የመከላከል ዕቅድ አያገኘውም። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከዚሁ ትንኝ ጋር ተያይዟል። ዝርያውን የጨመረ አዲስ ቁልፍ የወጣው በ2020 ነው። እንግዲህ ማንኛውንም የመለያ መሣሪያ ስንከፍት አስቀድመን የምንጠይቀው የትኛውን አገርና የትኛውን ዘመን እንደሚሸፍን ነው።

ፎቶ አይቶ የሚለይ ፕሮግራም እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ቀለሙና ቅርጹ ለሚናገር የባሕር ሸርጣን ፕሮግራሙ በእርግጥ ያገለግላል። የጨው አልባ ውሃ ሸርጣኖች ግን ብዙውን ጊዜ የሚለዩት በወንዱ ሆድ ሥር በተሸሸጉ የመራቢያ አካላት ነው፤ ሳይክሎፕስን የመሰሉ ኮፔፖዶች፣ ማለትም በኩሬ ውሃ የሚዘልሉ ነጥብ የሚያህሉ ክረስታሽያኖችም፣ በማይክሮስኮፕ በሚታይ የአምስተኛ እግር አሠራር። ከላይ የተነሳ ፎቶ ይህን አልያዘም፤ ያልያዘውንም ፕሮግራሙ ሊያነበው አይችልም። አይናቹራሊስት ላይ ከለዪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ መረጃው ለምርምር ብቁ ይባላል፤ ስምምነት ግን ማስረጃ አይደለም። የዚህን መድረክ ትልቅ ዋጋ የማየው ሌላ ቦታ ነው፤ ፎቶው፣ ቦታው፣ ቀኑና የለዪዎቹ ማንነት ክፍት ሆነው ስለሚቀሩ ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ሊያርመው ይችላል። ደግሞም ሁሉም ጥያቄ የዝርያ ስም አይፈልግም። ጊኒ ዎርም የተባለው ጥገኛ ትል እጭ ወደ ሰው የሚገባው በሳይክሎፕስ በኩል ነው። ጋምቤላ ውስጥ ውሃውን በጨርቅ አጥልላ የምትጠጣ እናት የሳይክሎፕሱን ዝርያ ማወቅ አያስፈልጋትም። የትኛው ኮፔፖድ ትሉን እንደሚሸከም የሚያጠና ሰው ግን ያለ ዝርያው አንድ እርምጃ አይራመድም።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሳይንሳዊ ስሞች ራሳቸው ይለዋወጣሉ የሚለው ነው። እውነት ነው። በዓለም በብዛት የሚረባው ነጭ ሽሪምፕ በ1931 ፔኒየስ ቫናሜይ ተባለ፤ በ1997 ወገኑ ሲከፋፈል ሊቶፔኒየስ ሆነ፤ ዎርምስ ዛሬ የሚቀበለው ወደ ፔኒየስ የተመለሰውን ስም ነው። አንዱን ስም ብቻ የፈለገ አንባቢ በሌላው ስም የተጻፈው ሁሉ ያመልጠዋል። መዝገቡ ግን የተተወውን ስም አይደመስስም፤ ከአዲሱ ጋር አያይዞ፣ ከነምንጩ፣ በማይለወጥ መለያ ቁጥር ሥር ያኖረዋል። ለውጡ ከነምክንያቱ ከተጻፈ አንባቢው ክርክሩን ራሱ መከታተል ይችላል፤ ስሙ ያለ ታሪክ ቢቀመጥ ኖሮ ግን የሚመረምረው ነገር አይኖረውም ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ ካርታ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ባዶ ቦታን እንዳያምን አጥብቄ እመክራለሁ። በጂቢፍ ካርታ ላይ ነጥብ የሌለበት ወረዳ እንስሳው የሌለበት ነው ማለት አይደለም፤ ማንም አልሄደ ወይም የተሰበሰበው አልገባ ይሆናል። ተመራማሪው ኦመር ኩፐር በ1926 እና 1927 ከኢትዮጵያ ውሆች የሰበሰባቸው ኮፔፖዶች በ1930 ለንደን ላይ ታትመዋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ እያለ ካርታ ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ባዶው ቦታ ደግሞ ጤናንም ይነካል። ዓይንና ቆዳ የሚያጠቃውን ኦንኮሰርሲያሲስ ከሚያስተላልፉ ጥቁር ዝንቦች አንዳንዶቹ በእጭነታቸው በወንዝ ሸርጣን ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ይህ በ1950 ኬንያ ላይ እስኪታወቅ ድረስ የእነዚህ እጮች ማደጊያ የት እንደሆነ አልታወቀም ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው ሲሙሊየም ኢትዮፒየንሴም ከእነዚህ ዝንቦች አንዱ ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ሸርጣን ያገኘ ሰው ጀርባውን ብቻ ሳይሆን ሆዱንና እግሮቹንም ፎቶ ቢያነሳ፣ የወንዙን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ቢጽፍ፣ የተጣበቀበት እጭ ካለም ሳይነቅል ቢያሳይ፣ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ በመረጃው ሊሠራበት ይችላል። ተመራማሪ ከሆነና ፈቃዱ ካለው ናሙናውን በጠንካራ አልኮል ያስቀምጥ፤ በፎርማሊን የቆየ አካል ዲኤንኤው ስለሚበላሽ ኋላ በቦልድ ወይም በጂንባንክ ለማስተያየት ያስቸግራል።