ያገለገለ ካርቦን ብስክሌት ሲገዙ ዘንጉን መዝዘው ይለኩ

በላስታ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። ያገለገለ ካርቦን ብስክሌት የሚገዛ ግን ቀለሙን አይቶ፣ ጎማውን ጫን ጫን አድርጎ ገንዘቡን ይቆጥራል። መታየት የነበረበት ኮርቻውን የሚሸከመው ዘንግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የጋለበው የካርቦን ብስክሌት ነበር። ካርቦን ቀላልና ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ብረት ጎብጦ አያስጠነቅቅም፤ በድንገት ይሰነጠቃል።

ዘንግ የሚቆረጠው ወደ ተላዮው ገብቶ ገብቶ ታች ሲነካና ኮርቻው አሁንም ለጋላቢው ከፍ ሲልበት ነው። ትክክለኛውን ከፍታ ለማግኘት ያለ ጫማ ከወለል እስከ ብሽሽት ተለክቶ በ0.883 ይባዛል። ልኩ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት እምብርት እስከ ኮርቻው አናት 70.6 ይሆናል። ይህም መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ኮርቻውን ከዚህ ዝቅ ቢያደርግ እኛም አንፈርድበትም።

መዘዙ የሚመጣው ብስክሌቱ ሲሸጥ ነው። ዘንጉ ላይ ከዚህ በላይ እንዳይወጣ የሚያስጠነቅቅ መስመር አለ። ዘንጉ ደግሞ የሚቆረጠው ከታች ነው። መስመሩ ከታችኛው ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና 4 ቢቆረጥ፣ ከመስመሩ በታች የቀረው 6 ብቻ ነው። መስመሩ ግን ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ይታያል። ቁመተ ረጅሙ ገዢ መስመሩን አምኖ ኮርቻውን ከፍ ያደርጋል። በላስታ ኮረኮንች ላይ ያ አጭር ዘንግ ተላዮውን ከውስጥ እየፈለቀቀ ይሰነጥቀዋል። ኪሳራው የዘንግ መሆኑ ቀርቶ የተላዮ ይሆናል፤ ያውም ሰው ሳይወድቅ ከቀረ ነው።

ዘንጉ ከተላዮው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራበት ብስክሌትም አለ። እሱ አንዴ ከተቆረጠ ከባለቤቱ በጣም የሚረዝም ሰው አይገዛውም። ደላሎች ይህን ቢያውቁት ይበጃቸዋል።

መቁረጥ ግድ ከሆነ ዘንጉ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሴጌቶ፣ በቀስታ ይቆረጣል። ሞርሳ አጥብቆ ሊይዘው አይገባም። ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፤ መቁረጫውም በውኃ ይርሳል። ከዚያ አዲሱን መስመር በቀለም ማስመር የቆራጩ ዕዳ ነው። ሲገጠም ግሪስ አይቀባም፤ ለካርቦን የተሠራው አሸዋማ ቅባት አለ። ብሎኑም እንደ መኪና ጎማ አይጠብቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

ዘንጎች ውፍረታቸው ይለያያል፤ 27.2፣ 30.9፣ 31.6 ሚሊ ሜትር እየተባለ። ላሊበላ ተቀምጦ ልኩን ነገ አገኛለሁ ብሎ የሚገዛ፣ ከነጋዴነቱ ተስፈኛነቱ ይበልጣል።

ብዙ ዘንጎች ላይ ርዝመታቸው ታትሟል። ሜትር ይዘው ይሂዱ። ጽሑፉ 350 ሚሊ ሜትር ብሎ ሜትርዎ 310 ካሳየዎት፣ ሻጩ ምንም ቢምል፣ የዋጋ ድርድሩ ከዚያ ይጀመራል።