በቴክሳስ መንገድ ዳር የቆሙት ሰሌዳዎች ምን ያስጠብቃሉ?

በቴክሳስ አውራ ጎዳናዎች የሚነዳ ሰው መንገድ ዳር በብረት ምሰሶ ላይ የቆሙ፣ ጥቁር መደብና ብርማ ፊደል ያላቸውን ሰሌዳዎች ሳያይ አይቀርም። በመላው ግዛት ከ16,000 በላይ ናቸው። ሰሌዳ የቆመበት ቦታ ሁሉ መንግሥት የሚጠብቀው የሚመስለው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሰሌዳውን የሚፈቅደው የቴክሳስ ታሪክ ኮሚሽን ነው፤ ጥያቄው የሚነሳው ግን ከታች ነው። አንድ ነዋሪ ወይም አንድ ቤተ ክርስቲያን ታሪኩን ከነማስረጃው ጽፎ ለካውንቲው የታሪክ ኮሚሽን ያቀርባል፤ እዚያ ካለፈ ኦስቲን ወዳለው የግዛቱ ኮሚሽን ይላካል። ግለሰብ ከሆነ ከሞተ 10 ዓመት፣ ክስተት ከሆነ ከተፈጸመ 30 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍነው አመልካቹ ስለሆነ፣ ገንዘብም ተከራካሪም ያለው ታሪክ ቀድሞ ሰሌዳ ማግኘቱ የሚገርም አይደለም። ኮሚሽኑ ኋላ ላይ ከማመልከቻ ክፍያው እየቀነሰ ጎላ ብለው ላልተነገሩ ታሪኮች ወጪውን ራሱ መሸፈን ጀምሯል።

ታሪክ ብቻ የሚተርክ ሰሌዳ በሕግ ፊት ጥበቃ አያስገኝም። ቢያንስ 50 ዓመት ለሆነው ሕንፃ የሚሰጠው ማዕረግ ግን ባለቤቱ የውጭ ገጽታውን ከመንካቱ 60 ቀን በፊት ለኮሚሽኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ለመቃብር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ ሌላ መንገድ አለ። 50 ዓመት ያለፈው መካነ መቃብር ታሪካዊ ተብሎ ሲሰየም ይህ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ወደፊት መሬቱን የሚገዛ ሰው መቃብር መኖሩን አላወቅሁም ማለት አይችልም።

የመዝገብን ጥቅም ለማየት ዳላስ መሄድ ይበቃል። ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. በ1869 የመሠረቱት የፍሪድመንስ መካነ መቃብር በ1940ዎቹ ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ ሲሠራ ከፊሉ አስፋልት ለበሰ። የመቃብር ድንጋዮቹ ተነሡ፤ አፅሞቹ ግን እዚያው ከመንገዱ ሥር ቀሩ። መንገዱ በ1990ዎቹ ሊሰፋ ሲል አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ከ1,100 በላይ ሰዎች አፅም አወጡ፤ ኋላም አጠገቡ እንደገና ቀበሯቸው። ዛሬ በቦታው መታሰቢያ አለ። ይህ የሆነው ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት መኪና ሲመላለስበት ከኖረ በኋላ ነው።

ይህ የመጨረሻው አልነበረም። ሂዩስተን አጠገብ ሹገር ላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ለትምህርት ቤት ግንባታ ሲቆፈር የ95 ጥቁር አሜሪካውያን አፅም ተገኘ። ግዛቱ ለእርሻ ባለሀብቶች ለጉልበት ሥራ ያከራያቸው የነበሩ እስረኞች ናቸው። በአካባቢው መቃብር እንዳለ አስቀድሞ ያሳሰበ ነዋሪ ነበር።

ድንጋዩ የጠፋበት መቃብር በሌላ ምልክት ይታወቃል፤ በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ የተደረደሩ ሞላላ ጎድጓዶች፣ ሜዳ ላይ ለብቻው የበቀለ ጥድ፣ ማንም ሳይተክለው በየዓመቱ የሚያብብ አበባ። ድንጋዩ ካለም ይናገራል። ተቆርጦ የቀረ የዛፍ ጉቶ አስመስለው የጠረቡት ሐውልት ካዩ፣ ሟቹ ዉድመን ኦፍ ዘ ወርልድ የሚባል ማኅበር አባል ሳይሆን አይቀርም። እንደ እኛ እድር አባላቱ እያዋጡ የሚረዳዱበት ነበር፤ ልዩነቱ እድር ድንኳን ሲተክል ይህኛው ሐውልት ማቆሙ ነው።

በቴክሳስ ሕግ ያልታወቀ ወይም የተተወ መቃብር ያገኘ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለካውንቲው መዝገብ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መቃብሩ በግለሰብ ግቢ ተከቦ መግቢያ ቢያጣም፣ ሊጎበኝ የሚፈልግ ሰው አቋርጦ የመግባት መብት አለው። በየት በኩልና በምን ሰዓት እንደሚገባ ባለመሬቱ ሊወስን ይችላል፤ ፈጽሞ መከልከል ግን አይፈቀድለትም።