የአውቶማቲክ ካምቢዮን ዘይትና ፊልትሮ በቤት ስለ መለወጥ

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ስለ መኪና ካምቢዮ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ የአጎታችን ቤተ ሰብ የሚተዳደረው በአንዲት የቆየች ቶዮታ ኮሮላ ነውና ነው። ይህች መኪና ባለፈው ክረምት ታመመች። ማርሹ «ዲ» ላይ ሲገባ ጥቂት ቆይታ ትነሣለች፤ ዳገት ላይም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ እርሷ ወደ ፊት አትልም። ጥቂት ቀደም ብሎ ዘይቷ በአንድ ጋራዥ ተለውጦ ስለ ነበር ወደዚያው ተወሰደች። የተሰጠውም ፍርድ «ካምቢዮው አልቋል፤ ሌላ ይግዙ» የሚል ሆነ። ይህ ለአጎታችን መኪናዋን ከመሸጥ የሚለይ አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በእጅ ማርሽ በሚነዳ መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ ግን ይህን ቦታ የያዘው ዘይት ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 «ሃይድራማቲክ» የተባለውን ካምቢዮ በኦልድስሞቢል መኪና ላይ ካቀረበ ወዲህ አሠራሩ እጅግ ቢሻሻልም፣ የሞተርን ኀይል በዘይት የማስተላለፉ ሐሳብ አልተለወጠም። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በወፍጮው ወራጁ ውሃ መዘውሩን መትቶ ያዞረዋል፤ እዚህም በሞተሩ የሚዞረው አንዱ መዘውር ዘይቱን ይወረውርና ፊት ለፊቱ ያለውን ሌላውን መዘውር ያዞራል። ከዚህም በላይ በፓምፕ የተገፋው ዘይት በውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ዲስኮች እያጣበቀ ማርሽ ይለውጣል፤ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። ስለዚህ ዘይቱ ሲጎድል የሚጠፋው ማለስለሱ ብቻ ሳይሆን የመኪናዋ ጉልበትም ጭምር ነው።

ከዚህ በኋላ የመኪናዋን መጽሐፍ ፈልገን አነበብን። አጎታችንም «መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ መካኒክ ከሆነማ፣ መጽሐፍ ሻጩ ጋራዥ በከፈተ ነበር» ብለው ሳቁብን። መጽሐፉ ግን ዋናውን ነገር ይናገር ነበር፤ የካምቢዮው ዘይት የሚለካው መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩም እየሠራ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ከላይ የነበረው ዘይት ወደ ታች ስለሚመለስ መለኪያው ዘንግ የሌለውን ያህል ያሳያል። እንደ መጽሐፉ ስንለካ ዘይቱ ከምልክቱ በታች ሆኖ ተገኘ። ቀለሙም ቡናማ ሆኗል፤ አዲስ ዘይት ቀይ ነው። «እስቲ ጋሼ፣ ካምቢዮ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ይስጡን» አልናቸው፤ እሺ አሉ።

ሥራው እንደሚከተለው ነው። መኪናዋ ለብ እስክትል ትነዳና ሜዳ ላይ ትቆማለች፤ ዘይቱ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ። በክሪክ ከተነሣች በኋላ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳይደረግላት ማንም ከሥሯ አይግባ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ ይህን ቸል ማለት ሕይወት ያስከፍላል።

ከዚያ ሳፋ ከሥር ተደርጎ ማፍሰሻው ይፈታል። የወጣው ዘይት መጠን ይለካና ይጻፋል፤ እኛ ያገኘነው ሦስት ሊትር ያህል ነበር። ቀጥሎ የዘይቱ መያዣ ኮፓ ቡሎኖቹ ተፈተው ይወርዳል። በውስጡ ያሉት ማግኔቶች የሚናገሩት ነገር አለ፤ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ዱቄት የተለመደ እርጅና ነው፤ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው በእርግጥ ተጎድቷል። የኛዎቹ ዱቄት ብቻ ይዘው ነበር። አሮጌው ፊልትሮ ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ የፊልትሮው ቡሎኖች ቁመታቸው ሊለያይ ስለሚችል እያንዳንዱ ወደ ቦታው ይመለስ። ኮፓው በላምባ ታጥቦና ደርቆ ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር ይገጠማል። ቡሎኖቹ በማዶ ለማዶ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ፤ በጉልበት የጠበቀ ቡሎን ጥርሱን ይበላል፤ ኮፓውንም ያጣምማል።

አዲሱ ዘይት መጽሐፉ ያዘዘው ዐይነት ብቻ ይሁን። በወጣው ልክ በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ይጨመራል። መኪናዋ ከወረደች በኋላ ሞተሩ ይነሣና ፍሬን እንደ ተረገጠ ማርሹ በየቦታው ጥቂት ሰኮንድ እየቆየ ይዘዋወራል፤ ወደ «ፒ» ተመልሶ ይለካል። ከጎደለ ጥቂት በጥቂት ይጨመር፤ ከልክ ያለፈ ዘይት አረፋ ስለሚሠራ እንደ ጎደለው ሁሉ ይጎዳል። ከተነዳች በኋላ ዳግመኛ ይለካ፤ ማንጠባጠቧም ይታይ። በዚህ መንገድ የሚለወጠው ከዘይቱ ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በመዘውሮቹ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማፍሰሱን መድገም ይጠቅማል።

ይህ ለሁሉም መኪና አይሆንም። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ ዘይታቸው በተወሰነ ሙቀት ስለሚለካ ለባለ መሣሪያ ይተዉ። ዘይቱ እንደ ወተት ከደፈረሰም ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና መለወጡ ብቻ አያድነውም። ዲስኮቹ አልቀው ከሆነም አዲስ ዘይት አይተካቸውም።

አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ሞልተን አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ሰጠን። ቦይ ውስጥ የሚደፋ ሰው የአዲስ አበባ ቦይ ወደ አቃቂ ወንዝ እንደሚወርድ፣ በዚያም ውሃ አትክልት እንደሚለማ ያስብ።

ኮሮላዋ ዛሬም ዳገቱን ትወጣለች። አጎታችንም አሁን ዘይቷን የሚለኩት ራሳቸው ናቸው፤ ሞተሩ እየሠራ። እኛ መካኒክ አልሆንንም፤ መካኒክንም አንንቅም። ነገር ግን «አልቋል» የሚል ፍርድ ስንሰማ «በምን ተለካ?» ብሎ መጠየቅ የተማሪ ሥራ መሆኑን ከመኪና ሥር ተኝተን ተምረናል።