የምንጣፍ ፒላቴስ፦ ንቀቱም ውዳሴውም የሳቱት

ፒላቴስ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚስለው ምንጣፍ ላይ ተጋድመው እግራቸውን ቀስ እያሉ የሚያነሱ ሴቶችን ነው። ብረት ማንሳት የለም፣ ሩጫ የለም፣ ዝላይም የለም። ከዚህ ተነስቶ አንዱ ወገን «ይሄማ ማፍታቻ እንጂ ስፖርት አይደለም» ብሎ ይንቀዋል፤ ሌላው ደግሞ ቦርጭ ያጠፋል፣ ጡንቻ ያስረዝማል፣ የወገብ ሕመም ይፈውሳል እያለ ያለ ልክ ያሞካሸዋል። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም ስህተታቸው አንድ ነው፤ እንቅስቃሴውን ባልተሠራበት ሚዛን ይመዝኑታል። የምንጣፍ ፒላቴስ ዋና ሥራው ሰውነትን በቁጥጥር ማንቀሳቀስ ማስለመድ ነው። ጥቅሙም ገደቡም ጥርት ብሎ የሚታየው በዚህ ሲመዘን ነው።

«የሴቶች ነው» የሚለው አስተያየት ታሪኩን ለሚያውቅ አያስኬድም። ፈጣሪው ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ የተወለደ፣ በልጅነቱ አስምና ሪኬትስ የተባለው የአጥንት በሽታ ያዳከሙትን ሰውነቱን በጂምናስቲክና በቦክስ ያጠነከረ ሰው ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንግሊዝ አገር ስለነበር በጠላት አገር ዜግነቱ ታሰረ፤ ዘዴው መልክ መያዝ የጀመረውም በአይል ኦፍ ማን ደሴት በነበረው የወንዶች ካምፕ እንደሆነ ይነገራል። በ1926 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ኒውዮርክ ውስጥ ስቱዲዮ ከከፈተ በኋላ የዳንስ ባለሙያዎቹ እነ ጆርጅ ባላንቺንና ማርታ ግራሃም ዳንሰኞቻቸውን ይልኩለት ጀመር። የዛሬው ለስላሳ ገጽታው በአመዛኙ ከዚህ የዳንስ ዓለም የተወረሰ ነው። ከዮጋ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ምንጣፍና የትንፋሽ ሥርዓት ቢያመሳስሏቸውም ዮጋ ከሕንድ መንፈሳዊ ትውፊት የመጣ ነው፤ ፒላቴስ ግን ሃይማኖታዊ ይዘት የሌለው የአካል ማጠንከሪያ ነው።

ቀላል ነው ለሚሉት «መቶ» የተባለውን እንቅስቃሴ ማየት ይበቃል። ሠሪው በጀርባው ይተኛል፤ ጭንቅላቱንና ትከሻውን ከምንጣፉ ያነሳል፤ እግሮቹን ዘርግቶ በሰያፍ ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ክንዶቹን በጎኑ ዘርግቶ በአጭሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። በ5 ምት አየር ያስገባል፣ በ5 ምት ያስወጣል፤ 10 ዙር ሲሞላ 100 ምት ይሆናል። ለተመልካች የሚሠራው ክንድ ይመስላል፤ ፈተናው ግን ምንም የማይንቀሳቀሰው ወገብ ላይ ነው። ወገቡ ከምንጣፉ ቅስት ሠርቶ ከተነሳ እግሮቹ ከሆድ ጡንቻ አቅም በታች ወርደዋል ማለት ነው፤ አንገት ከደከመ ደግሞ ጭነቱ ከሆድ ወደ አንገት ተዛውሯል። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፣ አከርካሪን ደግፈው የሚይዙት ጥልቅ ጡንቻዎች በመስታወት አይታዩም፤ መዛላቸው ግን ይሰማል። «እውነተኛው ፒላቴስ የማሽኑ ነው፤ ምንጣፉ ለጀማሪ ነው» የሚለውም ክርክር እዚሁ ላይ ይረታል። ሪፎርመር በተባለው ማሽን ላይ ሞላዎቹ አንዳንዱን እንቅስቃሴ ሲያከብዱ ሌላውን ያግዛሉ፤ ምንጣፍ ላይ ግን የሚያግዝ ሞላ የለም። ጆሴፍ ራሱ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረባቸው 34 እንቅስቃሴዎች የምንጣፍ ናቸው።

የአሞጋሾቹ ስህተት ግን ከናቂዎቹ አያንስም። የሆድ ጡንቻ ስለሠራ የሆድ ስብ ተለይቶ አይቀልጥም፤ ስብ የሚቀንሰው ሰውነት ከሚበላው በላይ ሲያወጣ ነው፣ ከየት እንደሚቀንስም ሠሪው አይመርጥም። ጡንቻም ከአጥንት ጋር የተያያዘበት ቦታ ስለማይለወጥ «ረጅም» ጡንቻ ማብቀል የሚባል ነገር የለም። የወገብ ሕመምን በተመለከተ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ ፒላቴስ እጅግ አነስተኛ ሕክምና ከማግኘት የተሻለ ሆኖ ቢገኝም ከሌሎች እንቅስቃሴዎች እንደሚበልጥ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው ደግሞ ጀርባን አጉብጦ መንከባለልን ከመሰሉት እንቅስቃሴዎች መራቅ አለበት፤ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል።

«ከሌላው ካልበለጠ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ከምንጣፉ ስፋት ያለፈ ቦታ የማይፈልግ፣ ውድ ዕቃ የማያስገዛ፣ ብዙ ስፖርቶች ችላ የሚሉትን የአቋምና የትንፋሽ ቁጥጥር የሚያስተምር መሆኑ ነው። ልብን ለማጠንከር ግን ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የልብ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። የምንጣፍ ፒላቴስ በተለይ ለጀማሪ ከሁለተኛው ድርሻ የተወሰነውን ይሸፍናል፤ የመጀመሪያውን ግን ፈጣን የእግር ጉዞ ወይም ሩጫ ይሙላው። አዘውትሮ የሚራመድና በሳምንት ሁለቴ ምንጣፉን የሚዘረጋ ሰው ከናቂዎቹም ከአሞጋሾቹም ይልቅ ፒላቴስን በቦታው አስቀምጦታል።